የኮሚክ መጻሕፍት የትረካ ፍጥነት ከዘመን ዘመን እንዴት ተለወጠ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው የሥዕል ልምምድ ላይ ከወጣቶቹ፣ አንዳንዴም ልጆቻቸውን ሊወስዱ ከመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። «ሣጥን» የምንለው በገጹ ላይ በመስመር የታጠረውን አንዱን ሥዕል ሲሆን፣ «ክብ» የምንለው ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚጻፍበትን ቦታ ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ጥር 11 ብቻ የራሳችን ነው።

በኮሚክ ውስጥ «የትረካ ፍጥነት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊልም ስናይ ጊዜውን የሚመራው ማሽኑ ነው፤ ተመልካቹ ቢቸኩልም ቢያዛጋም ትዕይንቱ የተመደበለትን ደቂቃ ይወስዳል። ኮሚክ ሰዓት የለውም። ያለው ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ ሠዓሊው ጊዜን የሚሰፍረው በሣጥኖቹ ብዛትና ስፋት፣ በጽሑፉ መጠን፣ እንዲሁም በሁለት ሣጥኖች መካከል በሚተወው ነጭ ክፍተት ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሳይሣል የቀረውን የሚሞላው አንባቢው ራሱ ነው።

ለምሳሌ ጥር 11 ቀን፣ በፋሲል መዋኛ ውኃው ከተባረከ በኋላ፣ ከግንቡ ጠርዝ ዘሎ የሚገባ ልጅ እንሣል። አንደኛው መንገድ በአንድ ሣጥን መጨረስ ነው፦ ልጁ በአየር ላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ከሥሩ «ወጣቱም በደስታ ወደ ውኃው ዘለለ» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። ሌላው መንገድ ስድስት ሣጥን ይወስዳል፦ እርጥብ ድንጋይ የቆነጠጡ የእግር ጣቶች፤ በሩቅ የካህናቱ ጃንጥላ፤ የጓደኛው የሚያሾፍ ፊት፤ የልጁ የተጨፈኑ ዓይኖች፤ በአየር ላይ ያለ አካል፤ በመጨረሻም ማንም የማይታይበት የተበጠበጠ ውኃ። የተፈጸመው ድርጊት አንድ ቢሆንም፣ በሁለተኛው መንገድ ልጁ ተመልሶ ብቅ እስኪል ድረስ አንባቢውም ትንፋሹን ይይዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በልምምዳችን ላይ ክርክር የሚከርረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። አንደኛው በአንድ ገጽ ላይ ምን ያህል ድርጊት ይፈጸማል የሚለው ነው። ሁለተኛው አንባቢው ያንን ገጽ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል የሚለው ነው። የ1940ዎቹ ገጽ ብዙ ድርጊት አጭቆ ይዞ በዝግታ ይነበባል፤ የዛሬው ገጽ ደግሞ ጥቂት ድርጊት ይዞ በጥቂት ሰከንዶች ያልፋል። «ኮሚክ ፈጠነ ወይስ ዘገየ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የትኛውን ፍጥነት ማለቱ እንደሆነ ሊነግረን ይገባል።

የድሮዎቹ ኮሚኮች ለምን እንዲህ ይጣደፋሉ?

ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የ1938ቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ባለ 64 ገጽ መጽሔት ሆኖ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ በውስጡ ከታጨቁት ልዩ ልዩ ታሪኮች መካከል ለሱፐርማን የደረሱት 13 ገጾች ብቻ ነበሩ። የትውልድ ፕላኔቱ የሚጠፋው በመጀመሪያው ሣጥን ነው። ሕፃኑ ወደ ምድር የሚመጣው፣ የሚያድገው፣ ጉልበቱን የሚያውቀውና ታዋቂውን ልብስ ለብሶ የሚቆመው በዚያው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። በ1939 ባትማን ሲጀመር የተሰጠው ቦታ 6 ገጽ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወላጆቹ መገደልና እርሱ ለበቀል መነሣቱ የተተረከው በ2 ገጽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሻሻጡ ነው። መጽሔቶቹ በጎዳና ዳር መደብሮች ተደርድረው ለአንድ ወር ያህል ይቆዩና በሚቀጥለው እትም ይተካሉ። ያለፈው ወር እትም ያመለጠው ልጅ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም፤ ደራሲዎቹም ይህንን ስለሚያውቁ እያንዳንዱን ታሪክ በዚያው እትም ይጀምሩትና ይቋጩት ነበር። በሣጥኑ አናት ላይ ያለው ጽሑፍ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ነገር መልሶ የሚናገረውም አንባቢው ልጅ ነው፣ ሥዕሉም በርካሽ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ሊታተም ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ዛሬ ሲነበብ ያሰለቻል፤ ይሁንና ያንን ሁሉ ታሪክ በ6 ገጽ መጨረስ የሚችል ሰው ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም።

ከእነርሱ በፊትስ?

ታሪክን በተከታታይ ሣጥኖች የመተረክ ልማድ ከሱፐርማን አንድ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር በ1830ዎቹ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የተተረኩ መጻሕፍት አሳትሟል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የወሰነው ጋዜጣ ነው፤ በየቀኑ ሦስት ወይም አራት ሣጥን ብቻ የሚሰጠው ሠዓሊ በመጨረሻው ሣጥን ላይ ወይ ማሳቅ ወይ ማንጠልጠል ነበረበት። የቤልጅጉ ኤርዤ ከ1929 ጀምሮ የቲንቲንን ጀብዱ በሳምንት ሁለት ሁለት ገጽ እያለ በጋዜጣ የልጆች ክፍል ያወጣ ስለነበር፣ ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ጀብዱዎች በመጽሐፍ መልክ የሚያነብ ሰው በየሁለት ገጹ መጨረሻ አንድ አደጋ ሲደቀን ያገኛል።

መጀመሪያ ያዘገመው ማን ነው?

«መጀመሪያ» የሚለውን ቃል ለአንድ ሰው መስጠት ይከብዳል፤ ሁለት ሰዎችን ግን መዝለል አይቻልም።

አንደኛው ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ ነው። በ1947 ከሺቺማ ሳካይ ጋር ባወጣው 200 ገጽ ገደማ በሚሆን የጀብዱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንድ ልጅ መኪና እያሽከረከረ ወደ ወደብ ይሄዳል፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ገጾች የሚሆነው ይኸው ብቻ ነው። መኪናው ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን እየታየ ይከንፋል። በአሜሪካ ቢሆን «ልጁ ወደ ወደቡ ደረሰ» ተብሎ በአንድ ሣጥን ይታለፍ የነበረው ጉዞ እዚህ ራሱ ታሪክ ሆነ። ይህንን ያስቻለው የቴዙካ ለፊልም ያለው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የገጹ ብዛትም ጭምር ነው።

ሁለተኛው አሜሪካዊው በርናርድ ክሪግስታይን ነው። በ1955 የማጎሪያ ካምፕ አዛዥ የነበረ ሰው በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ድንገት ስለሚገናኝበት ታሪክ ባለ 6 ገጽ ጽሑፍ ተሰጠው። አሳታሚውን ተጨማሪ ገጽ ለምኖ 8 አገኘ። በዚያ ማተሚያ ቤት ደንብ ጽሑፉና የሣጥኖቹ መስመር ለሠዓሊው የሚደርሱት ገጹ ላይ ሰፍረው ስለነበር፣ ክሪግስታይን ገጾቹን በመቀስ ቆራርጦ በራሱ አደራደር መልሶ ለጠፋቸው። በመጨረሻው ገጽ ሰውየው ከመድረኩ ወደ ሐዲዱ ሲወድቅ፣ አንዱ ቅጽበት በቀጫጭን ቋሚ ሣጥኖች ተሸንሽኖ ይታያል፤ ባቡሩ ሲያልፍም በመስኮቶቹ ውስጥ ያሉት ፊቶች በፍጥነቱ ብዛት ተደጋግመው ተሥለዋል። ይህንን ገጽ ለተማሪዎች ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ምን ያህል ሰከንድ እንደወሰደ ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው ይለያያል፤ ገሚሱ «ግማሽ ሰከንድ» ሲል ገሚሱ «አንድ ደቂቃ ሙሉ» ይላል።

የስፓይደርማን አጀማመር 11 ገጽ ብቻ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለውጡን በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም። በ1962 ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ11 ገጽ ውስጥ ብቸኛውን ተማሪ አስተዋወቁ፣ በሸረሪት አስነከሱ፣ በትግል ገንዘብ እንዲያገኝ አደረጉ፣ በቴሌቪዥን ዝነኛ አደረጉት፣ ሌባውን እንዲያሳልፍ አደረጉ፣ አጎቱን ገደሉ፣ ገዳዩን አስያዙ፣ ጸጸቱንም አስከተሉ። በ2000 ብራያን ማይክል ቤንዲስና ማርክ ባግሊ ይህንኑ አጀማመር ለአዲስ ትውልድ ሲተርኩት 7 እትም ፈጀባቸው፤ ከመቶ ገጽ በላይ ማለት ነው።

ልዩነቱ የት ሄደ ብለን ስንፈልግ አብዛኛውን በንግግር ውስጥ እናገኘዋለን። በ1962ቱ ታሪክ አጎትየው አንባቢው በቅጡ ሳይተዋወቃቸው ይሞታሉ፤ ሞታቸውም በአንድ ፖሊስ አንደበት ይነገራል። በ2000ው ግን ማዕድ ላይ ተቀምጠው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ሲሞቱም አንባቢው የሚያውቀው ሰው ይሞትበታል። ከዚህም ሌላ የ1960ዎቹ ገጸ ባሕርያት ሐሳባቸውን በደመና መሰል ክብ ውስጥ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ያስባሉ፤ በፋሲል መዋኛው ምሳሌያችን ልጁ በአየር ላይ ሳለ «ወይኔ! ዋና አለመቻሌን ለምን ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም!» ብሎ ለማሰብ ጊዜ ያገኝ ነበር። ይህ ዓይነቱ የሐሳብ ክብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየቀረ ሲሄድ፣ እርሱ ይናገረው የነበረውን ለፊት ገጽታና ለዝምታ መስጠት ግድ ሆነ፤ ዝምታ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

ታዲያ በትክክል ለምን ዘገየ?

አንዳንዶች ምክንያቱ የሲኒማ ተጽዕኖ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠራው መደርደሪያውን ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ መደብሮች እየተስፋፉ ሲመጡ፣ አንባቢው እያንዳንዱን እትም በተራው የማግኘት ዋስትና አገኘ፤ ደራሲውም ታሪኩን በየወሩ መቋጨት ቀረለት። ቀጥሎ አምስት ስድስት እትሞችን አንድ ላይ ጠርዞ በመጽሐፍ መልክ መሸጥ ተለመደ። ያን ጊዜ ደራሲዎች ከመጀመሪያው ስድስት እትም የሚሞላ ታሪክ ማሰብ ጀመሩ፤ ታሪኩ ለሦስት ብቻ የሚበቃ ቢሆንም እንኳ።

በዚሁ ጊዜ የጃፓን ሥራዎች በእንግሊዝኛ መታተም ጀመሩ። ከ2000 ገጽ የሚበልጠው የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ» ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ ወጣ። ፍራንክ ሚለር ደግሞ የጃፓንን የሳሙራይ ታሪኮች አስቀድሞ ያደንቅ ነበር። በ1986 ያረጀውን ባትማን ሲተርክ፣ በ1939 በጥቂት ሣጥኖች ያለፈውን የወላጆቹን ግድያ እንደገና ሣለው፤ የአባትየው እጅ፣ የተተኮሰው ሽጉጥ፣ የእናትየው የዕንቁ ሐብል ሲበጠስ፣ ዕንቁዎቹ ሲበተኑ፣ በትንንሽ ሣጥኖች፣ ያለ አንድ ቃል። በ47 ዓመታት ልዩነት የተሣሉትን እነዚህን ሁለት ገጾች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከዚህ ገጽ የቀረውን ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል።

በ1999 ዋረን ኤሊስና ብራያን ሂች ከገጹ ዳር እስከ ዳር የሚዘረጉ ሰፋፊ ሣጥኖችን በገጽ ሦስት ወይም አራት ብቻ እየደረደሩ ግዙፍ ውጊያዎችን አሳዩ፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው። ይሁንና መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ እንዳይመስለን፤ በ1986 እና 1987 በ12 እትም የወጣው የአለን ሙርና የዴቭ ጊበንስ «ዋችመን» አብዛኛውን ገጹን በዘጠኝ እኩል ሣጥኖች ከፍሎ እንደ ሰዓት ምት የማያዛንፍ አካሄድ ይዟል። ዝግታውም ጥድፊያውም ከዚያ ምት ውስጥ ይወጣል፤ ምቱ ድንገት ተቋርጦ ሙሉ ገጽ የያዘ ሥዕል ሲመጣ አንባቢው ይደነግጣል።

ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) በሺህ የሚቆጠር ገጽ እያለው ለምን ቶሎ ይነበባል?

በመጀመሪያው መልስ የተለዩት ሁለቱ ፍጥነቶች እዚህ ይገናኛሉ። በጃፓን ከ1959 ጀምሮ የወጡት ሳምንታዊ የልጆች መጽሔቶች ለአንድ ታሪክ በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ገደማ ይሰጣሉ፤ በወር ሰማንያ ገጽ ያህል ይሆናል። አንባቢውም ብዙውን ጊዜ በባቡር ላይ የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ ገጹ ጥቂት ቃላት፣ ትልልቅ ፊቶችና ዓይንን ወደፊት የሚጎትቱ የፍጥነት መስመሮች አሉት። አንድ የኳስ ምት ሦስት ገጽ ሊወስድ ይችላል፤ ሦስቱ ገጾች ግን በዐሥር ሰከንድ ያልቃሉ። ስኮት ማክላውድ በ1993 ኮሚክ እንዴት እንደሚሠራ በራሱ በኮሚክ መልክ ባብራራበት መጽሐፉ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚደረገውን ሽግግር በስድስት ዓይነት ከፍሎ ቆጥሮ ነበር። አሜሪካውያኑ በአመዛኙ ከድርጊት ወደ ድርጊት ሲሄዱ፣ ጃፓኖቹ የአንድን ቦታ ልዩ ልዩ ገጽታ ለማሳየት ብቻ፣ ጊዜው ሳይንቀሳቀስ፣ ብዙ ሣጥን ያውላሉ።

ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጊዜ ለልምምዳችን አንድ ምዕራፍ አባዝቼ ሳስጠርዝ ይህንን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ አልነገርኩም ነበርና በለመዱት በግራ በኩል ጠርዘው ሰጡኝ። ልጆቹ ከመጨረሻው ጀምረው አነበቡት። ከመካከላቸው አንዷ ተዋጊው ከሞት ተነሥቶ ቁስሉ እየዳነ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ታሪክ መሆኑን በሙሉ ልብ ተረከችልን፤ ከእውነተኛው ታሪክ ያላነሰ ጥሩ ነበር።

ታሪክን ማዘግየት ገዢን ማታለል አይደለም?

አንዳንዴ ነው። በ1938 በ10 ሳንቲም 64 ገጽ ይገኝ ነበር፤ በ2011 ግን አሳታሚው ዲሲ ዋጋውን በ2.99 ዶላር ለመያዝ ሲል አብዛኞቹን መጽሔቶቹን ከ22 ወደ 20 ገጽ ዝቅ አድርጓቸዋል። ሃያው ገጽ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ካለቀ፣ ያንን ያህል የከፈለ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም። በመጽሐፍ ተጠርዞ ሲነበብ ግን ያው ውይይት አያሰለችም፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ትዕይንት ገጽ ከመግለጥ በላይ አይርቅም። የኔ መለኪያ አንድ ነው። የዘገየውን ገጽ ከፍቼ፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ከቀዳሚው ሣጥን ያልነበረ የማየው ነገር መኖሩን እቆጥራለሁ። አንድ ፊት አራት ጊዜ ተደግሞ ከተለጠፈና በአራተኛው ላይም ምንም ካልተለወጠ፣ ሠዓሊው ያተረፈው የራሱን ጊዜ ነው።

ዌብቱን ምን ለወጠ?

ገጹን አስቀረው። በደቡብ ኮሪያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ዌብቱን ከላይ ወደ ታች በሚወርድ አንድ ረጅም ገመድ ላይ ይተረካል፤ የንባቡን ፍጥነት የሚወስነው ስክሪኑን የሚገፋው ጣት ነው። በወረቀት ላይ ድንጋጤ የሚደበቀው ከሚገለጠው ገጽ ጀርባ ነበር፤ በስልክ ላይ ግን መደበቂያው ባዶ ቦታ ነው። በሁለት ሥዕሎች መካከል ሰፊ ነጭ ወይም ጥቁር ስፍራ ሲተው ያ ርቀት በቀጥታ ወደ ጊዜ ይለወጣል። የፋሲል መዋኛው ልጅ ለዌብቱን ቢሣል ዝላዩ ራሱ ርቀት ይሆናል፤ አንባቢው ሦስት አራት ጊዜ ስክሪኑን እስኪገፋ ድረስ ልጁ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ውኃው። ጎንደር ላይ ኔትወርኩ ሲደክም ሥዕሉ ሳይመጣ ባዶ ቦታው ከታሰበው በላይ ይረዝማል፤ ይህንን ግን ከሠዓሊው ጥበብ መቁጠር አይገባም።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ኮሚክ ናቸው ማለት ይቻላል?

ይህንን ጥያቄ በአብዛኛው የሚያነሡት ወላጆች ናቸው፤ መልሱም በጥንቃቄ የሚሰጥ ነው። ሥዕሎቹ የተሣሉት ለጸሎትና ለትምህርት በመሆኑ ከመዝናኛ ጋር አንድ ላይ መፈረጅ ተገቢ አይደለም። የአተራረክ ዘዴያቸውን ማጥናት ግን ክብራቸውን አይነካም። በደቡቡ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንና የጌታ ታሪክ በተከታታይ ትዕይንቶች ተሥሏል፤ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ስንሻገር መካከሉን የምንሞላው እኛ ነን፤ ታሪኩን አስቀድመን ስለምናውቀው ሠዓሊው በጣም ሰፊ ዝላይ መዝለል ይችላል። ያዘጋጀው ቅደም ተከተል ቢኖርም ፍጥነቱን የሚወስኑት የሚያስረዱት ካህን ናቸው። በመቋሚያ እየጠቆሙ አንዱን ሥዕል በአንድ ቃል አልፈው ሌላው ላይ ሩብ ሰዓት ሲቆዩ አይቻለሁ።

በላኤ ሰብእንም እናስብ። 78 ሰው የበላው ሰው ለአንድ የተጠማ ምስኪን ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ያ ጥርኝ ውኃ በእመቤታችን ጥላ ረዳትነት ሚዛን ደፋ። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ይህ ረጅም ታሪክ በጥቂት ትዕይንቶች ብቻ ይሣላል። የ1938ቱ የሱፐርማን የመጀመሪያ ገጽ የተጠቀመበት ፍጥነት ይኸው ነው።

ለእንግዶች የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ሸራ ደግሞ ለኮሚክ ይበልጥ ይቀርባል፤ በብዛት በሚታየው አሠራሩ በ44 ሣጥኖች ከዘንዶው ንጉሥ ተነሥቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይደርሳል፤ በየሣጥኑ ሥር ጽሑፍ አለው። ለየት የሚለው አንዱ ነገር፣ ዘመናትን እየዘለለ ሲበር ቆይቶ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ወደጋበዘበት ሌሊት ሲደርስ መዝለሉን ይተዋል፦ ቅመም የበዛበት ማዕድ፣ ጥማቱ፣ ውኃው፣ የተያዘው እጅ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሣጥን ያገኛል። የት መዘግየት እንዳለበት ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ ፍጥነቱ ይለወጣል?

በጣም ይለወጣል፤ ይህ ጉዳይ ከሚገባው በታች የተወራበት ይመስለኛል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አሉታውም በዚያው ግሥ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት በመጀመሪያው ሣጥን «ወንድምህን ያን ሌሊት…» ብላ ብትጀምር፣ በሁለተኛው ሣጥን ዝም ብላ እጇን ብታይ፣ በሦስተኛው ደግሞ «…አላየሁትም» ብትል፣ አንባቢው እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ማየቷንም አለማየቷንም አያውቅም። እንግሊዝኛ ይህንን አለማየት ገና በዐረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ይገልጠዋል። ስለዚህ የውጭ ኮሚክ ወደ አማርኛ ሲመለስ ንግግሩ በሁለት ክብ ከተከፈለ፣ የደነገጠው ፊት አንድ ሣጥን ቀድሞ ይመጣል፤ አድማጩ ገና ግሡ ሳይነገር ይደነግጣል። በዚህ ጊዜ ቃላቱን መተርጎም አይበቃም፤ ዐረፍተ ነገሩ እንደገና መበጀት አለበት።

ሌላው የቃላቱ ርዝመት ነው። እንግሊዝኛ በአጫጭር ቃላት የሚለውን እኛ «አልተመለሰችላቸውም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። ቀጭንና ረጅም ክብ ለአጫጭር ቃላት ይመቻል፤ የኛ ቃል ግን ይሰበርበታል። አንድ ተማሪያችን ይህንኑ ቃል በጠባብ ክብ ውስጥ «አልተመለሰ» ብሎ አቋርጦ «ችላቸውም»ን ወደ ታች አወረደው፤ አንባቢዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ያልተመለሰው ወንድ መስሏቸው ተመልሰው ማንበብ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ሣጥኖቻችንን በወርድ ሰፋ እናደርጋለን፤ ሰፊ ሣጥን ደግሞ ዓይንን ትንሽ ያቆያል።

በምላሹ ቋንቋው የሚሰጠን ስጦታ አለ። «ብድግ»፣ «ዘወር»፣ «ብልጭ»፣ «እልም»፣ «ጥልቅ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ ሣጥን የሚሞላ እንቅስቃሴ በውስጣቸው ይዘዋል። ጃፓኖች ጸጥታን ራሱን በድምፅ ቃል ይጽፉታል፤ እኛም «ጭር» አለን። ባዶ ግቢ ተሥሎ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ጭር» ቢጻፍበት፣ አንባቢው እዚያ ሣጥን ላይ መቆም እንዳለበት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከእነ «ጀምበር» ወዲህ በአማርኛ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ማንበብ ብርቅ መሆኑ ቀርቷልና፣ እነዚህን ቃላት በሰፊው የሚጠቀም ሥራ እንደምናይ ተስፋ አለኝ።

ለመጀመሪያ ሥራዬ ስንት ገጽ ልያዝ?

ስምንት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ለዝምታ ቦታ አይተርፍም፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ በልምድ ያየነው ሥራው ሳያልቅ ፈተና ይደርሳል። ታሪኩን አስቀድመው በስድስት ገጽ ይንደፉት፤ የተረፉትን ሁለት ገጾች ደግሞ ለአንድ ትዕይንት ብቻ ይስጧቸው። የትኛው ትዕይንት እንደሆነ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቅዳሜ ይዘው ቢመጡ፣ መጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ እርሱ ነው።